ኖይዝ ፍሎር ምንድን ነው?

ባለፈው ኅዳር ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ወዳለ አንድ የቅኔ ቤት ሄጄ ነበር። የኔታ ቅኔዎቻቸውን እንድቀዳ ፈቀዱልኝ። ትንሿን ሪከርደር በሩ አጠገብ ካለው መደብ ላይ አስቀመጥኳት፤ ከእሳቸው 2 ሜትር ያህል ትርቃለች። ድምፃቸው በእርጅና ስለሳሳ ጌይኑን፣ ማለትም መቅጃዋ ድምፁን የምታጎላበትን መጠን፣ እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ማታ ቤት ገብቼ ኢርፎን ሳደርግ ክው አልኩ። የኔታ ዝናብ ውስጥ ቆመው የሚናገሩ ይመስላሉ። በኅዳር ምን ዝናብ አለ? ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ከቃላቸው ሥር ሽሽሽ የሚል ድምፅ ተነጥፏል።

ያ ሽሽሽ ኖይዝ ፍሎር ይባላል። ፍሎር ወለል ማለት ነው። ከወለሉ በላይ ጎላ ብሎ የወጣ ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል። ወደ ወለሉ የተጠጋ ይደበዝዛል፤ ከወለሉ በታች የወረደ ደግሞ ይዋጣል።

ከየት ይመጣል? ማይክ የሚያወጣው ኤሌክትሪክ በጣም ደካማ ነው። ስለዚህ መቅጃው ውስጥ ባለ ማጉያ ያልፋል። በማይኩና በማጉያው ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች ደግሞ በሙቀት ምክንያት ያለማቋረጥ ይራወጣሉ። ያ መራወጥ አብሮ ሲጎላ ሽሽሽ ሆኖ ይሰማል። ዕቃው ስለተበላሸ አይደለም። በጥሩ መቅጃ ላይ ያንሳል እንጂ ጨርሶ የሌለበት መቅጃ የለም።

ነገሩ ለእኔ የገባኝ በጠላ ነው። ጋኑ ሙሉ ሲሆን አተላው ከታች ተኝቶ ማንም አያየውም። ጠላው እያለቀ ሲሄድ ግን ጋኑን ባዘነበልክ ቁጥር አተላው አብሮ ይወርዳል። ጌይን መጨመር ጋኑን ማዘንበል ነው፤ ጠላ አይጨምርም። የእኔ ስህተት እዚህ ላይ ነበር። ትንሽ ድምፅ ከሩቅ ለቅሜ ጋኑን ደፋሁት።

ጠላውን የሚጨምረው መጠጋት ነው። ርቀቱን በግማሽ በቀነስክ ቁጥር ከአፍ በቀጥታ ወደ ማይኩ የሚመጣው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ገደማ ያድጋል፤ ዴሲቤል የድምፅ መጠን መለኪያ ነው። ከ2 ሜትር ወደ 1፣ ከዚያ ወደ ግማሽ ሜትር፣ ከዚያ ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ስትጠጋ 18 ዴሲቤል አገኘህ ማለት ነው። ማይኩ ላይ የሚያርፈው የድምፅ ግፊት 8 እጥፍ ሆነ ማለት ነው። የመቅጃው ሽሽሽ ግን ባለበት ነው። አዲስ ዕቃ ከመግዛትህ በፊት እባክህ መጀመሪያ ተጠጋ።

ወለሉ የመቅጃው ብቻ አይደለም፤ ቦታውም የራሱ ወለል አለው። ውኃው በሞላበት ወራት ጢስ ዓባይ ፏፏቴ አጠገብ ቆመህ ጓደኛህን ለማናገር ሞክር። ሳትጮህ አይሰማህም። ጮቄ ተራራ ላይ ነፋሱ፣ ከተማ ውስጥ ወፍጮ ቤቱና ባጃጁ እንደዚያው ናቸው። ሁለቱን ለመለየት ጸጥ ባለ ሌሊት መቅጃውን በጋቢ ደራርበህ ጠቅልለውና 30 ሰከንድ ቅዳ። ሽሽሽ ካለ የራሱ ነው። ውጭ የሚሰማውና በጋቢው ውስጥ የጠፋው የቦታው ነበር።

ከኖይዝ ፍሎር ጋር የሚምታቱ ሌሎች ድምፆችም አሉ። እምምም የሚል ወፍራም ድምፅ ካለ ቻርጀሩን ንቀልና በባትሪ ቅዳ፤ የመብራታችን የ50 ኸርዝ ንዝረት ገብቶበት ሊሆን ይችላል። ድድድ ድድድ ካለ ስልክ አለ፤ የአንተንም የሰውየውንም ፍላይት ሞድ ላይ አድርግ። ኳኳታና መፋተግ ከሆነ እጅህ ነው፤ መቅጃውን የታጠፈ ነጠላ ላይ አስቀምጠው። ጉርርር የሚል ከሆነ ነፋስ ነው፤ ለዚህ ጸጉራማው የማይክ ልብስ ከስፖንጁ ይሻላል።

አንድ ሴቲንግ ግን ቆም ብለህ እንድታየው እፈልጋለሁ። ኦቶ ሌቭል የሚባለውን። ይህ ሴቲንግ ተናጋሪው ድምፁን ሲያነሳ ጌይኑን ይቀንሳል፣ ዝም ሲል ይጨምራል። ለስብሰባ ጥሩ ነው። ቅኔ ላይ ግን ይጎዳል። ጉባኤ ቃና የሚባለው የቅኔ ዓይነት ሁለት ቤት ብቻ ነው። የኔታ አንዱን ቤት ብለው ፋታ ይወስዳሉ፤ ተማሪው ሰሙን ይዞ ወርቁን ይጠብቃል። በዚያች ፋታ ኦቶ ሌቭሉ ጌይኑን ይጨምርና ሽሽሽ እንደ ጎርፍ ይሞላል። ተማሪዎቹ «ይበል!» ከማለታቸው በፊት ያለችው ጸጥታ ትበላሻለች። አጥፋው። ጌይኑን ራስህ አስተካክል፤ ትልቁ ድምፅ በመቅጃው መለኪያ ላይ −12 ዴሲቤል፣ ማለትም ድምፅ መሰንጠቅ ከሚጀምርበት ከዜሮው 12 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ እንዲቆም አድርገህ ተወው። 24 ቢት የሚባለው የቅጂ ጥራት ምርጫ ካለውም በእሱ ቅዳ። 24 ቢት ሽሽሹን አያጠፋም፤ ድምፁ ድንገት ቢጨምር እንዳይሰነጠቅ ሰፊ ቦታ ትተህ እንድትቀዳ ያስችልሃል እንጂ።

«በኋላ በኮምፒውተር እናጸዳዋለን» የሚሉኝ አሉ። እኔም ያንን የኅዳሩን ቅጂ ኦዳሲቲ በሚባል የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ሞክሬዋለሁ። ፕሮግራሙ ሽሽሹን በደንብ ቀነሰው። ግን ሰ፣ ሸ እና ፈ ራሳቸው ከሽሽሽ ጋር የሚመሳሰሉ ድምፆች ናቸው። ጠንከር አድርጌ ሳጸዳ እነሱንም አብሮ በላቸው። ቅኔ ውስጥ አንድ ፊደል ሲላላ ወይም ሲጠብቅ ወርቁ ሌላ ይሆናል። ዋሸራን፣ ጎንጅንና ዲማን የመሰሉ የቅኔ ቤቶችን ባፈራ አገር ለልጆቻችን የምናቆየው ድምፅ ፊደሉ የተሸራረፈ እንዲሆን አልፈልግም። ጽዳቱ ለትንሽ እድፍ ነው። ለዚያውም ቀለል ተደርጎ፣ ዋናው ፋይል ሳይነካ።

በጥር ተመልሼ ሄድኩ። የኔታ እንደገና መድገሙን አልጠሉትም። ከፊታቸው በርጩማ አስቀመጥኩ፣ በላዩ የታጠፈ ጋቢ፣ በጋቢው ላይ መቅጃዋን። ከአፋቸው አንድ ስንዝር ብትርቅ ነው። የትንፋሻቸው ንፋስ በቀጥታ እንዳይመታት ትንሽ ወደ ጎን አዞርኳት። ጌይኑ ግማሽ እንኳ አልደረሰም። ከመጀመራቸው በፊት ግማሽ ደቂቃ ዝም እንዲሉልኝ ለመንኳቸው፤ ለጽዳት ካስፈለገ የቤቱ ጸጥታ ብቻውን በናሙናነት መቀዳት አለበት።

«ዝምታውንም ትቀዳለህ እንዴ ልጄ?» አሉኝ።

«አዎ የኔታ።»

ዓይናቸውን ጨፍነው ዝም አሉ። ማታ ኢርፎን አድርጌ ያችን ግማሽ ደቂቃ ደጋግሜ ሰማኋት። ሩቅ ያለ አውራ ዶሮ፣ ከጎጆዎቹ በኩል ቃል የሚያጠና አንድ ተማሪ፣ ከዚያ የኔታ ለመጀመር አየር ሲስቡ።