ቴክኒካል ዕዳ ምንድን ነው? እንቦጭ አይደለም

ሰሞኑን አንድ ሰው «ቴክኒካል ዕዳ ማለት የሶፍትዌር እንቦጭ ነው» ብሎ ጻፈ። ብዙ ሰው ወደደለት። ባሕር ዳር ለምንኖር ምሳሌው ቶሎ ይገባናል። የገባን ግን የተሳሳተው ነገር ነው። ቴክኒካል ዕዳ ማለት ቶሎ ለመድረስ ሲባል ነገሩ ሙሉ በሙሉ ሳይገባን ሶፍትዌሩን ሠርተን፣ ማስተካከሉን ለኋላ ማቆየት ነው።

እንቦጭን ማንም አልተበደረም። በ2011 እ.ኤ.አ. ገደማ ጣና ላይ ሲታይ ኑ ብሎ የጠራው የለም። ዕዳ ግን ወደው የሚገቡበት ነው። ብሩን ተቀብለው፣ ሠርተውበት፣ ቀን ቆርጠው ይመልሱታል።

አሜሪካዊው ፕሮግራመር ዋርድ ከኒንግሃም የዕዳውን አነጋገር በ1992 እ.ኤ.አ. ያመጣው የፋይናንስ ሶፍትዌር እየሠራ ነው። አለቃው ኮዱ ለምን እንደገና እንደሚጻፍ እንዲገባው በገንዘብ ቋንቋ አስረዳው። ሐሳቡ ይህ ነው፦ ነገሩ ሙሉ በሙሉ ሳይገባን የሠራነውን ለተጠቃሚ እናቀርባለን። ከእሱ እንማራለን። የተማርነውን መልሰን ኮዱ ውስጥ ስናስገባ ዕዳው ተከፈለ። ዝርክርክ ኮድ ጻፉ የሚል ፈቃድ የለበትም።

እኛ የጀልባ ማስያዣ አፕ ስንሠራ ለጥምቀት ሰሞን መድረስ ነበረብን። ወደ ዘጌ የሚሄድ ሰው እንደ አውቶቡስ ወንበር ይገዛል ብለን ጀመርን። ተሰባስበው ሙሉ ጀልባ የሚከራዩ እንዳሉ እናውቃለን፤ ስንት እንደሆኑ ግን አናውቅም ነበር። አፑ ሲወጣ አብዛኛው ጥያቄ የሙሉ ጀልባ ሆነ። ኮዱ «ወንበር» ይላል፣ ሰው «ጀልባ» ይላል። ከዚያ ወዲህ ስረዛ ስንጨምር ሁለት ቀን፣ ገንዘብ መመለስ ስንጨምር ሦስት ቀን፣ ወንበርን ወደ ጀልባ ስናሰላ አለቀ። ወለዱ ይኸው ነው።

መረብ በዱቤ የገዛ ዓሣ አጥማጅን አስቡ። መረቡ ዓሣ ካመጣለት ዱቤው ጥሩ ነበር። ከሽያጩ ካልከፈለ ግን ወለዱ ዓሣውን ይበላዋል። መረቡን ሳይጠግን ቀርቶ ቢቀደድበትስ? ያንን ዕዳ የሚለው የለም። ደግሞ በእኛ ሥራ የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ተበዳሪው አይደለም። እሱ ሥራ ቀይሮ ሄዷል፤ ወለዱን የሚገፋው አዲስ የተቀጠረው ልጅ ነው። ስለዚህ ስትበደሩ ጻፉት፦ ምን ተበደርን፣ ለምን፣ መቼ እንመልሳለን።

ፕሮዳክት ማናጀር፣ ማለትም አፑ ላይ ምን እንደሚሠራ የሚወስነው ሰው፣ ቃሉን በትክክል መያዝ ያለበትም ለዚህ ነው። «ኮዱ ቆሻሻ ነው፣ ሁለት ሳምንት ስጡን» ቢል ሥራ አስኪያጁ እሺ አይልም፤ ልክም ነው። «ወንበሩን ወደ ጀልባ ብንቀይር አዲስ ነገር በጨመርን ቁጥር ሁለት ሦስት ቀን ይተርፈናል» ሲል ግን ይሰማዋል።

ይህንንም ልጨምር። ማንም የማይነካው ኮድ የቱንም ያህል ቢያስጠላ ወለድ የለውም፤ ተዉት። የተጠቃሚን የይለፍ ቃል ሳይመሰጥሩ እንዳለ ማስቀመጥ ደግሞ ጭራሽ ዕዳ አይባልም። በሰው ንብረት መቆመር ነው፤ ዛሬውኑ ይስተካከል።

«ጥሩ ሶፍትዌር ዕዳ የለበትም» ለሚለውም መልሴ ያው ጀልባው ነው። ሁሉም እስኪገባን ብንጠብቅ ጥምቀት ያልፈን ነበር። ወንበሩን ወደ ጀልባ የቀየርነው ከፋሲካ በፊት ነው። ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ሁለት ቡድን አንድ ጀልባ ይጋራ የሚል ነበር። በግማሽ ቀን ተሠራ።