ስለ ሲያትሉ የጃፓን የአትክልት ስፍራ የሚወሩ ያልሆኑ ነገሮች

ሲያትል ዘመድ ጥየቃ ለሚሄድ ሰው ሁሉ ይህን ቦታ እጠቁማለሁ። የሚመለስልኝ ግን ብዙ ጊዜ ያው ነው።

«አሸዋና ድንጋይ ምን ብዬ አያለሁ?» ይሉኛል። መስመር የተሰመረበት አሸዋ ከጃፓን የአትክልት ዓይነቶች አንዱ ብቻ ነው፤ እሱን የፈለገ ፖርትላንድ ከተማ ወዳለው የጃፓን የአትክልት ስፍራ ሄዶ ያገኘዋል። የሲያትሉ በኩሬ ዙሪያ እየተንሸራሸሩ የሚያዩት ነው። ድልድይ አለ፣ የድንጋይ ፋኖስ አለ፣ ኮይ የሚባሉት ባለቀለም ዓሣዎችም አሉ።

«ሁሉም ነገር ከጃፓን ተጭኖ የመጣ ነው» የሚለውማ በጣም የተለመደ ነው። ሥራውን የመሩት ጁኪ ኢዳ ጃፓናዊ ባለሙያ መሆናቸው እውነት ነው። ቦታው በ1960 እ.ኤ.አ. ሲሠራ ግን ከ500 በላይ ትልልቅ ድንጋዮች የመጡት እዚያው ዋሽንግተን ግዛት ካሉት የካስኬድ ተራሮች ነው፤ የመረጧቸውም እሳቸው ራሳቸው ናቸው። እስቲ ውሃው ዳር ቆም ብላችሁ አንዱን ድንጋይ ልብ በሉት። ግርጌው አፈር ውስጥ ስለተቀበረ ሰው ያስቀመጠው ሳይሆን ድሮም እዚያው የነበረ ይመስላል። እኔ ቦታውን የምወደው ለዚህ ነው።

«ዛፎቹ በራሳቸው እንዲህ ያደጉ ናቸው» የሚሉም አሉ። በፍጹም! ጥዶቹ በየዓመቱ አዲስ ለጋ ቀንበጥ ሲያወጡ አትክልተኞች መሰላል ላይ ወጥተው አንድ በአንድ በእጅ ይቀነጥሱታል፤ ዛፉ ቁመቱን ጠብቆ፣ ቅርንጫፎቹ ብርሃን እያሳለፉ የሚቆዩት በዚህ ልፋት ነው።

«ትንሽ ናት፣ ቶሎ ታልቃለች።» ስፋቱ 1.4 ሄክታር ገደማ ስለሆነ ሮጦ ለሚያልፍ አዎ ያልቃል። ግን መንገዱ የተጠማዘዘው ሆን ተብሎ ነው፤ ኩሬውን አንዴ ይደብቅባችሁና ጥቂት እንደተራመዳችሁ በሌላ ገጽታ መልሶ ያሳያችኋል፣ ስለዚህ ቀስ በሉ፣ ደግሞም ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱት።

በአትክልት ስፍራው ውስጥ ያለው ሻይ ቤት ገብቶ ሻይ የሚታዘዝበት አይደለም። የሚገባው የጃፓን የሻይ ሥርዓት በሚካሄድባቸው ቀናት ብቻ ነው። ቤቱም የመጀመሪያው አይደለም፤ ያኛው በ1973 እ.ኤ.አ. ሰው ባስነሳው እሳት ተቃጥሎ፣ የአሁኑ በ1981 እ.ኤ.አ. ተሠራ።

በመጨረሻ ደግሞ «የቼሪ አበባ ካለፈ ምን ዋጋ አለው?» የሚሉ አሉ። ጥቅምት ላይ ሂዱ። ሜፕል የሚባለው ዛፍ ቅጠል ደም መስሎ ኩሬው ላይ ሲያርፍ ታያላችሁ። በብርዱ ወራት ግን ስለሚዘጋ ከመነሳታችሁ በፊት ቀኑን አጣሩ።