የበዓል ሳምንት ማዕድ፦ ቀላል የቤተሰብ እራትና የቤት ውስጥ መጋገር

የበዓል ሳምንት ማዕድ ከዋናው የበዓል ቀን በፊት ባሉት ጥቂት ቀናት በአንድ ቤት ውስጥ ጎን ለጎን የሚካሄዱ ሁለት ሥራዎችን ያቅፋል። አንደኛው ቤተሰቡ በየምሽቱ የሚበላው ተራ እራት ሲሆን፣ ሁለተኛው ለበዓሉ፣ ለእንግዳና ለስጦታ የሚጋገረው ዳቦ፣ ኬክና ብስኩት ነው። ሁለቱም ለየብቻ ሲታዩ ምግብ ማብሰል ለለመደ ሰው አዲስ አይደሉም፤ የሚከብዱት ሲገናኙ ነው። ሁለቱም የሚፈልጉት አንዱን ኦቨን፣ አንዱን ጠረጴዛ፣ አንዱን ፍሪጅና ብዙውን ጊዜ የአንድን ሰው እጅ ነውና፤ ያውም ሁሉም ሰው ደክሞትና ርቦት ወደ ቤት በሚገባበት በዚያው ሰዓት። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ቀላል እራት የሚባለው በ20 ደቂቃ የሚደርስ ምግብ ብቻ ሳይሆን፣ አብዛኛው ሥራው ከምሽቱ ወጥቶ ወደ ሌላ ጊዜ ሊዛወር የሚችል ምግብ ነው። መጋገርም በዚሁ ሚዛን ይመዘናል፤ እንዲያውም ለመዛወር ከእራት ይልቅ እሱ ይመቻል።

እርሾና ቅዝቃዜ

በእርሾ የሚቦካ ሊጥ ለተጣበበ ሳምንት የማይሆን ይመስላል። ማቡካት፣ ኩፍ እስኪል መጠበቅ፣ ቅርጽ መስጠት፣ እንደገና መጠበቅና መጋገር ተደምረው ግማሽ ቀን ይወስዳሉ። ይሁን እንጂ ከዚህ ግማሽ ቀን ውስጥ የሰው እጅ የሚያስፈልግበት ጊዜ ቢለካ ከግማሽ ሰዓት ብዙም አያልፍም፤ የቀረውን የሚሠራው እርሾው ራሱ ነው። መቡካት ሕይወት ያላቸው ጥቃቅን ፍጥረታት ሥራ መሆኑን ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. ከ1857 ጀምሮ ባወጣቸው ጥናቶች አሳይቷል። ሕይወት ያለው ነገር ደግሞ በሙቀት ይፈጥናል፣ በብርድ ይዘገያል። ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ እጥፍ የሚሆነው ሊጥ፣ 4 ዲግሪ በሆነ ፍሪጅ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ያዘግማል፤ ሁለት ቀን ቢቆይም አይበላሽም። በተቃራኒው ሙቀቱ 60 ዲግሪ ሲደርስ እርሾው ይሞታል፤ ለብ ያለ ውኃ ተብሎ ሲነገር ትኩስ ውኃ የሚያፈስ ሰው ሊጡ ለምን እንዳልተነሳ ሲገርመው የሚያድረው በዚህ ምክንያት ነው።

አሠራሩ በቁጥር ሲገለጽ ይህን ይመስላል። 500 ግራም ዱቄት፣ 325 ሚሊ ሊትር ውኃ፣ 10 ግራም ጨውና 3 ግራም ፈጣን ደረቅ እርሾ ከእራት በኋላ ዕቃ እየታጠበ ሳለ በአንድ ጎድጓዳ ሳህን ይደባለቃሉ። ሊጡ ግማሽ ሰዓት ያህል ያርፋል፤ ከዚያ ጠርዙ በእርጥብ እጅ እየተሳበ ወደ መሐል ጥቂት ጊዜ ይታጠፋል፣ ገጹ እንዳይደርቅ በደንብ ተከድኖ ፍሪጅ ይገባል። ዕቃው ሊጡን ሁለት እጥፍ ሆኖ የሚይዝ መሆን አለበት፤ ያለበለዚያ ጠዋት ፍሪጁን የሚከፍተው ሰው መደርደሪያው ላይ የፈሰሰ ሊጥ ይጠብቀዋል። በማግስቱ ምሽት ሊጡ ወጥቶ ቅርጽ ከያዘ በኋላ በቤቱ ሙቀት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይቆይና በ220 ዲግሪ ከ30 እስከ 35 ደቂቃ ይጋገራል። ለመጋገር መድረሱን የሚናገረው ሰዓቱ ሳይሆን ሊጡ ነው። ዱቄት የነካ ጣት በቀስታ ተጫን ሲደረግ ጉድጓዱ ወዲያው ከሞላ ገና ነው፤ ቀስ ብሎ ተነሥቶ ትንሽ ምልክት ካስቀረ ደርሷል፤ እንደተጫነ ከቀረ ደግሞ አልፎበታልና ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ኦቨን ማስገባት ነው። የበሰለ ዳቦ ተገልብጦ ሥሩ በጣት ሲንኳኳ ባዶ ነገር እንደሚመታ ድምፅ ይሰጣል።

ቅቤ፣ እንቁላልና ስኳር የበዛበት የበዓል ሊጥ ከዚህ የተለየ ጠባይ አለው። ስኳሩ ውኃውን ከእርሾው ስለሚሻማ ሊጡ ዘገምተኛ ይሆናል፤ ስለዚህ እርሾው ከፍ ይደረጋል፣ ጊዜውም ይረዝማል። ቅዝቃዜው እዚህ ሌላ ጥቅም ያመጣል፤ በውስጡ ያለው ቅቤ ስለሚጠነክር፣ በሞቀ ክፍል ውስጥ በእጅ ላይ የሚያድጠው ሊጥ ከፍሪጅ ሲወጣ ሳይጣበቅ ይዳመጣል፣ ይጎነጎናል፣ የተሰጠውንም ቅርጽ ይይዛል።

ሊጥ ፍሪጅ ይወዳል፤ የተጋገረ ዳቦ ግን አይወደውም። ይህ ልዩነት ብዙ ቤት ውስጥ ተዘንግቶ ይገኛል። ዳቦ ሲያድር የሚጠነክረው ውኃው ስለተነነ ብቻ አይደለም። ፈረንሳዊው ኬሚስት ዣን ባፕቲስት ቡሳንጎ እ.ኤ.አ. በ1852 እንዳሳየው እርጥበቱ እንዳይወጣ የታሸገ ዳቦም ይጠነክራል፤ እንደገና ሲሞቅ ግን ይለሰልሳል። ምክንያቱ ሲጋገር የላላው የዱቄቱ ስታርች ሲቀዘቅዝ መልሶ እየተደራጀ መጠንከሩ ሲሆን፣ ይህ ለውጥ ከሁሉ ይበልጥ የሚፈጥነው በፍሪጅ ሙቀት ነው። በፍሪዘር ውስጥ፣ ማለትም ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ፣ ከሞላ ጎደል ይቆማል። ስለዚህ በሁለት ቀን ውስጥ የሚበላ ዳቦ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከፍሪጅ ውጭ ይቀመጣል፤ ከዚያ የሚያልፈው ተቆርጦ ፍሪዘር ይገባና በሚፈለግበት ሰዓት በኦቨን ይሞቃል።

ቤኪንግ ፓውደርና ብስኩት

እርሾ የማያስፈልጋቸው ኬኮችና ፈጣን ዳቦዎች የሚነሡት በኬሚካል ነው። እንግሊዛዊው አልፍሬድ በርድ እ.ኤ.አ. በ1843 ቤኪንግ ፓውደር የቀመመው እርሾ ለማይስማማት ባለቤቱ ነበር፤ ዛሬ ጊዜ ለሌለው ሁሉ ማገልገሉ የኋላ ዕድሉ ነው። ቤኪንግ ሶዳ ጋዝ የሚያወጣው እርጎን ወይም የሎሚ ጭማቂን የመሰለ ኮምጣጣ ነገር ሲያገኝ ሲሆን፣ ቤኪንግ ፓውደር ግን አሲዱን አብሮ ይዟል። ሶዳና ኮምጣጣ ፈሳሽ የተገናኙበት ሊጥ ወዲያው መሥራት ስለሚጀምር አያድርም፣ ወደ ጋለ ኦቨን በቶሎ መግባት አለበት። ማደር የሚችለው ደረቁ ክፍል ነው። ዱቄቱ፣ ስኳሩ፣ ጨውና ፓውደሩ በሳምንቱ መጀመሪያ ተመዝነውና ተነፍተው በየማሰሮው ከተቀመጡ፣ በተጨናነቀው ምሽት የሚቀረው እንቁላል፣ ወተትና ዘይት መጨመር ብቻ ይሆናል። የቆየ ፓውደር መሥራቱ ከተጠረጠረ አንድ ማንኪያ በሙቅ ውኃ ውስጥ ይሞከራል፤ ካልተፍለቀለቀ ኬኩን ማባከን አያስፈልግም።

ብስኩት ለዚህ ሳምንት ከሁሉ የሚመች ነው፤ ምክንያቱም ሊጡ ሳይጋገር በፍሪዘር ለወራት ይቆያል። ቅቤው ጣት ሲጫነው የሚቀበል፣ ግን የማይቀልጥ፣ ወደ 18 ወይም 20 ዲግሪ የሚጠጋ ሲሆን ከስኳር ጋር ተመትቶ አየር ይይዛል። ፈሳሽ እስኪሆን የለሰለሰ ቅቤ አየር አይይዝም፤ ብስኩቱም ትሪው ላይ ተዘርግቶ ይቀራል። ሊጡ እንደ በትር ተድቦልቡሎ በወረቀት ይጠቀለልና ይቀዘቅዛል። እንግዳ በር ሲያንኳኳ ወይም ልጆች ከጨዋታ ሲመለሱ የሚፈለገው ያህል በቢላ ተቆርጦ በ180 ዲግሪ ይጋገራል፤ በረዶ እንደሆነ ቢገባ ከተለመደው ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ መጨመር ይበቃዋል። ጠርዙ ወርቃማ፣ መሐሉ ገና ያልበሰለ መስሎ ሳለ ማውጣት ተገቢ ነው፤ በጋለው ትሪ ላይ መብሰሉን ይጨርሳል። ያ ወርቃማ ቀለምና መዓዛው የሚመጡት በአብዛኛው ፕሮቲንና ስኳር በሙቀት ሲገናኙ ከሚፈጠረውና ፈረንሳዊው ሉዊ ካሚ ማያር እ.ኤ.አ. በ1912 ከገለጸው ለውጥ ነው። እያንዳንዱን ብስኩት በቀለም ስኳር ማስጌጥ ግን እራት ሊቀርብ በተቃረበበት ምሽት የሚጀመር ሥራ አይደለም፤ ወይ ለልጆች ይተዋል፣ ወይ ይቀራል።

እራቱ

በዚህ ሳምንት ጥሩ እራት ከሚጋገረው ነገር ጋር ኦቨኑን የማይሻማ ወይም አብሮት የሚጠቀም ነው። የማይሻሙት በአንድ ድስት የሚሠሩት ናቸው። ከዋዜማው ተዘፍዝፎ በብዛት የተቀቀለ ባቄላ አንድ ምሽት ሾርባ፣ በሌላው ምሽት ከሩዝ ጋር የሚቀርብ ምግብ ይሆናል። ምስር መዘፍዘፍ እንኳ አይፈልግም፤ ከሽንኩርት፣ ከቲማቲምና ከካሮት ጋር ሲንተከተክ በግማሽ ሰዓት ይደርሳል። ፓስታና እንቁላል ደግሞ ማንም ምንም ሳያቅድ ለመሸበት ቀን የሚቀመጡ መጠባበቂያ ናቸው።

ኦቨኑን የሚጋራው እራት በአንድ ትሪ የሚጠበሰው ነው። የዶሮ ብልቶች፣ የተቆራረጠ ድንች፣ ካሮትና ሽንኩርት በዘይትና በጨው ታሽተው በ200 ዲግሪ ከ40 እስከ 45 ደቂቃ ይጠበሳሉ፤ አብሳዩም በዚያ ጊዜ ነፃ ነው። ቅደም ተከተሉ ከከፍተኛ ሙቀት ወደ ዝቅተኛ ቢሆን ይመረጣል። ዳቦው በ220፣ ከዚያ የእራቱ ትሪ በ200፣ በመጨረሻ ኦቨኑ እየበረደ ሲሄድ ብስኩቱ በ180 ይገባል። ብስኩቱን ከዶሮው ጋር አንድ ላይ ማስገባት ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል፤ ነገር ግን ቅቤ ሽታ ይይዛል፣ የሽንኩርት መዓዛ ያለው ጣፋጭ ብስኩትም ማንም አይመርቅም። የውስጥ ማራገቢያ ያለው ኦቨን ሙቀቱን አጥብቆ ስለሚያደርስ ከተጠቀሱት ቁጥሮች ላይ 20 ዲግሪ ያህል መቀነስ የተለመደ ነው።

ኦቨኑን ተከትሎ በሚቀር ሙቀት ማብሰል አሮጌ ሐሳብ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ዘገምተኛ ማብሰያ የተወለደውም ከእሱ ነው። አሜሪካዊው ኢርቪንግ ናክሰን እ.ኤ.አ. በ1940 የባለቤትነት መብት ያገኘበትን ይህን ዕቃ ሲያስብ መነሻ የሆነው፣ የሊቱዌኒያ አይሁድ እናቶች የባቄላና የሥጋ ማሰሮአቸውን ሰንበት ከመግባቱ በፊት ወደ መንደሩ ዳቦ ጋጋሪ ልከው፣ እየቀዘቀዘ በሚሄደው ኦቨን ውስጥ ሲበስል እንዲያድር ያደርጉ እንደነበር ከእናቱ የሰማው ወግ ነው። ዛሬ ያ ዕቃ ያለው ቤት ጠዋት ሥጋና አትክልት ጨምሮ ይወጣል፤ ሲመለስ እራቱ ደርሶ ይቆየዋል፣ ኦቨኑም ለዳቦው ይተርፋል።

ከአንድ ሳምንት በፊት ተሠርቶ የሚቀዘቅዝ ሾርባም ይህንኑ ያደርጋል። ምግብ በዝግታ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ትላልቅ የበረዶ ቅንጣቶች ይሠሩና ሥጋውንና አትክልቱን ይቀዳድዱታል፤ በፍጥነት ሲቀዘቅዝ ግን ቅንጣቶቹ ያንሳሉ። ክላረንስ በርድሳይ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የምግብ ኢንዱስትሪውን የለወጠው በዚሁ መርህ ነው። በቤት ውስጥ የሚቻለው ሾርባውን በከረጢት አጋድሞ፣ እንደ መጽሐፍ ስስ አድርጎ ማቀዝቀዝ ነው። ስስ ከረጢት ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ቶሎ ይቀልጣል፣ በተጨናነቀ ፍሪዘር ውስጥም በጎኑ ቆሞ ይደረደራል።

ጥንቃቄ

ሥራን ወደ ሌላ ጊዜ ማዛወር ምግብ ረዘም ላለ ጊዜ እንዲቆይ ማድረግ ስለሆነ የራሱ አደጋ አለው፤ በበዓል ሳምንት ደግሞ ፍሪጁ ከአቅሙ በላይ ስለሚሞላ አየሩ አይዘዋወርም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ያሰራጨው አምስት ቁልፎች ያሉት መመሪያ የበሰለ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ በክፍል ሙቀት እንዳይቆይ፣ የሚቀዘቅዘው ከ5 ዲግሪ በታች፣ ትኩሱ ከ60 ዲግሪ በላይ እንዲጠበቅ፣ መብሰልም ቢያንስ 70 ዲግሪ እንዲደርስ ይመክራል። ለሩዝ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በውስጡ ሊኖር የሚችለው ባሲለስ ሴሬየስ የተባለ ባክቴሪያ ዘሮች ምግቡ ሲፈላ አይሞቱም፣ ድስቱ ላይ ሲያድር ግን መርዝ ያመርታሉ፤ ያም መርዝ ደግሞ በማሞቅ አይጠፋም። ስለዚህ ከእራት የተረፈ ሩዝ ሰፊ ሳህን ላይ ተዘርግቶ እንፋሎቱ እንደወጣለት ፍሪጅ ይገባል። ጥሬ ሊጥ መቅመስም እንደሚታሰበው ቀላል ነገር አይደለም። እንቁላሉ ብቻ ሳይሆን ራሱ ዱቄቱ በእሳት ያላለፈ የእርሻ ምርት ስለሆነ ሳልሞኔላና ኢ ኮላይ ሊኖሩበት ይችላሉ። ልጆች አጠገብ ሆነው ሲያግዙ ይህ ሊነገራቸው ይገባል፤ እጃቸውን ዱቄት ውስጥ ከመክተት የሚያግዳቸው ግን የለም።

ልጆች በእርግጥ ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ አለ። መመዘን፣ የብስኩት ሊጥ በቅርጽ መቁረጥ፣ ትሪ ላይ ወረቀት ማንጠፍ፣ ለአንድ ትሪ እራት አትክልት በዘይት ማሸት ከእነሱ አቅም አይበልጥም። ሥራው በእነሱ እጅ ስለሚዘገይ ግን ማገዣ ሰዓታቸው ከእራት ሰዓት ተለይቶ ቢታቀድ ይሻላል፤ ለዚህ የዕረፍት ቀን ከሰዓት በኋላ ይመረጣል።

በዋዜማው ምሽት የሚኖረው ሁኔታ የሳምንቱን አያያዝ ይገልጣል። ሥራው በየቀኑ ተከፋፍሎ የቆየበት ቤት ውስጥ ፍሪዘሩ የብስኩት በትሮችና የሾርባ ከረጢቶች ይዟል፣ ፍሪጁ ውስጥ ሊጥ ኩፍ እያለ ነው፣ ምድጃው ላይም አንድ ድስት ምስር ይንተከተካል። ከሳምንቱ ዳቦ የተረፈውና የደረቀው ቁራጭ ሾርባው ውስጥ ይገባል፤ ወይም ተፈጭቶ ለነገው ጥብስ መለበጃ ይቀመጣል።