ባይናሪ ዲፔንደንሲ ምንድን ነው? ጊት ውስጥስ ምን ይሠራል?

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ቁጭ ብሎ በሞባይል ዳታ አንድ ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ፕሮጀክት በጊት፣ ማለትም የኮድ ለውጥ ታሪክ በሚይዘው መሣሪያ፣ ክሎን ለማድረግ (ከነታሪኩ ለማውረድ) የሞከረ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ኮዱ ሲታይ ኢምንት ነው፤ ሪፖው (ኮዱና ታሪኩ ያለበት ማከማቻ) ግን ጊጋባይት ይበላል። መሃል ላይ መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርኩም አብሮ ይሄዳል። ጊት ክሎን ደግሞ ከተቋረጠበት አይቀጥልም። እንደገና ከዜሮ ነው። ፓኬጁ እዚያው አለቀ።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የኮዱ አይደለም። ሪፖው ውስጥ የተከተተው ባይናሪ ነው ጉዱን የሚያመጣው።

ዲፔንደንሲ ማለት ሌላ ሰው የጻፈው፣ የእናንተ ፕሮግራም ግን ያለ እሱ የማይሠራ ኮድ ነው። ፒዲኤፍ የሚያወጣላችሁ፣ ከዳታቤዝ ጋር የሚያገናኛችሁ፣ ፎቶ የሚያሳንስላችሁ። አንዳንዱ በሶርስ ኮድ ይመጣል፤ ከፍታችሁ ታነቡታላችሁ። አንዳንዱ ግን ኮምፓይል ተደርጎ፣ ማለትም ኮምፒውተር ወደሚያስኬደው መልክ ተቀይሮ፣ ያለቀለት ፋይል ነው፦ የጃቫ ጃር፣ የዊንዶውስ ዲኤልኤል፣ የሊኑክስ ኤስኦ። በኤዲተር ብትከፍቱት የተዘበራረቀ ምልክት ብቻ ነው የምታዩት። ባይናሪ ዲፔንደንሲ የሚባለው ይሄ ሁለተኛው ነው።

ሰው ለምን ጊት ውስጥ ይከተዋል? ስለሚመች ነዋ። «ሊብ» የሚል ፎልደር ትከፍታላችሁ፣ ጃሮቹን ትደረድራላችሁ፣ ኮሚት (መመዝገብ)፣ ፑሽ (ወደ ሰርቨር መላክ)፣ አለቀ። አዲስ የመጣ ልጅ ክሎን ሲያደርግ ሌላ ምንም ማውረድ ሳያስፈልገው ወዲያው ይሠራለታል። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ሰፈር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ እንዲህ የሚያደርጉትን እንደ ጀማሪ የሚንቁ ሰዎች አይገቡኝም። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ዕቃው ነው ያልተመቸው።

ሊነስ ቶርቫልድስ ጊትን እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረው ለሊኑክስ ከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ኮድ ነው፤ ማለትም ለጽሑፍ። አንድ ፋይል ላይ ሁለት መስመር ብትቀይሩ፣ ጊት ዕቃውን ሲያሽግ የሚመሳሰሉትን ቅጂዎች አስጠግቶ ልዩነታቸውን ብቻ መያዝ ይችላል። የአሥር ዓመት ታሪክ በትንሽ ቦታ የሚያድረው ለዚህ ነው። ጃር ግን አስቀድሞ የተጨመቀ ፋይል ነው። ውስጡ ትንሽ ነገር ሲቀየር ብዙው ባይት ይገለባበጣል፤ ጊትም የሚመሳሰል ነገር ያጣል። ስለዚህ አዲሱን ሙሉውን ያስቀምጣል። የ40 ሜጋባይት ጃር አምስት ስሪት ኮሚት ካደረጋችሁ ወደ 200 ሜጋባይት ተጠጋችሁ ማለት ነው።

«ታዲያ እሰርዘዋለሁ» ትሉ ይሆናል። መሰረዝ ትችላላችሁ፤ ግን የሚሰረዘው ከዛሬው ገጽታ ነው። ታሪኩ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፣ ክሎን የሚያደርገው ሰው ሁሉም ተሸክሞት ይሄዳል። ከታሪኩ ነቅሎ ማውጣት ከተፈለገ ጊት ፊልተር-ሪፖ የሚባል መሣሪያ አለ። ችግሩ፣ ፋይሉ ከገባበት ቦታ ጀምሮ ያሉት ኮሚቶች መለያ ቁጥራቸው ይቀየራል። በፕሮጀክቱ ላይ የሚሠራ ሁሉ እንደገና ክሎን ማድረግ አለበት። ብዙ ሰው በሚሳተፍበት ኦፕን ሶርስ ላይ ይሄንን ማስታወቅ ራሱ ሥራ ነው። ጊትሃብ (የጊት ሪፖዎች የሚቀመጡበት ድረ ገጽ) ከ50 ሜጋባይት በላይ ለሆነ ፋይል ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው፣ ከ100 በላይ የሆነውን ጨርሶ የማይቀበለውም ወዶ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2015 ጊትሃብ ጊት ኤልኤፍኤስ የሚባል ነገር አመጣ። ትልቁ ፋይል ሌላ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። ሪፖው ውስጥ የሚቀረው ሦስት መስመር ጽሑፍ ነው፦ አንዱ የአሠራሩ ስሪት፣ አንዱ የፋይሉ ሻ-256 አሻራ (ከይዘቱ የሚሰላ መለያ)፣ አንዱ መጠኑ። ስትፈልጉት ብቻ ትክክለኛው ፋይል ይወርዳል። ለራሳችሁ ምስልና ድምፅ ግሩም ነው። ለሌላ ሰው ላይብረሪ፣ ማለትም ለዲፔንደንሲ፣ ግን አልመክረውም። የነፃው ኮታ ሲያልቅ ክፍያው በዶላር ነው፣ እዚህ በዶላር የሚከፍል ካርድ ማግኘት ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነው።

የሚሻለው መንገድ፣ ዕቃውን ትቶ መዝገቡን ጊት ውስጥ መያዝ ነው። እንደ ዕድር ማለት ነው፤ ድንኳኑና ብረት ድስቱ ዕድር ቤት ነው የሚቀመጠው፣ ጸሐፊው ጋ ያለው የዕቃው ዝርዝር ነው። ላይብረሪ ከዕቃ ቤቱ የሚያወርዱ መሣሪያዎች አሉ፦ ለጃቫ ማቬን፣ ለጃቫስክሪፕት ኤንፒኤም፣ ለረስት ካርጎ። እናንተ የላይብረሪውን ስምና ስሪት ትጽፋላችሁ። ኤንፒኤምና ካርጎ ደግሞ ሎክ ፋይል ያዘጋጃሉ፤ እያንዳንዱ ዕቃ ከነአሻራው ይመዘገብበታል። ሎክ ፋይሉን ኮሚት አድርጉት። ፋይሉ አንድ ባይት እንኳ ቢቀየር አሻራው አይገጥምም፣ ሥራው ይቆማል።

ታዲያ ዕቃ ቤቱ ራሱ ቢዘጋስ? ይሄ የፈጠራ ስጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በማርች 2016 ሌፍት-ፓድ የምትባል አሥራ አንድ መስመር ብቻ የሆነች ኮድ ባለቤቷ ከኤንፒኤም አነሳት፤ በሷ ላይ የቆሙ ብዙ ፕሮጀክቶች በአንዴ አልሠራም አሉ። ማቬን ሴንትራል (የማቬን ዋናው ዕቃ ቤት) ከዚህ ይሻላል፤ አንዴ የወጣ ስሪት አይቀየርም፣ አይነሳም። ቢሆንም ቅጂ አጠገብ መኖሩ አይከፋም። ማቬን ያወረደውን ሁሉ ቤት ፎልደራችሁ ውስጥ «ኤም2» በሚባል ድብቅ ፎልደር ያስቀምጣል። መገናኛ ሰፈር ያለ ጓደኛ ጥሩ ኢንተርኔት ካለው፣ ፎልደሩን በፍላሽ ተቀብላችሁ ኮዬ ላይ በኦፍላይን ሞድ መሥራት ትችላላችሁ። ቢሮ ከሆነ ኔክሰስን የመሰለ ማከማቻ አንድ ኮምፒውተር ላይ ይተከላል፤ አንዱ ሲያወርድ ለሁሉም ይተርፋል።

መጠኑ አንድ ነገር ነው። እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ባይናሪን ማንም የማያነበው መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል የማይክሮሶፍት መሐንዲስ በኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ሌላ ኮምፒውተር መግቢያ) ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየት አየ። ሌላ ሰው ቢሆን ኔትወርኩን ረግሞ ያልፍ ነበር። እሱ ግን ክሩን መተርተር ጀመረ፤ ኤክስዜድ የተባለው የመጭመቂያ ላይብረሪ፣ ስሪት 5.6.0 እና 5.6.1፣ ድብቅ በር እንደተሠራበት አገኘ። ተንኮሉ የተደበቀው የት ነው? ለሙከራ ተብለው ጊት ውስጥ በገቡ ባይናሪ ፋይሎች ውስጥ። ስማቸው ራሱ የመጭመቂያ መሞከሪያ ይመስላል፣ ስለዚህ ማንም አልጠረጠረም። ኮድ ቢሆን አንድ ሰው «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር።

ኤፍ-ድሮይድ (ኦፕን ሶርስ የአንድሮይድ አፖችን የሚያከፋፍል) አፕ ሲቀበል ከሶርስ ኮዱ ራሱ የሚገነባው፣ ሪፖ ውስጥ የተገኘ ያለቀለት ባይናሪንም የማያሳልፈው ለዚህ ዓይነቱ ስጋት ነው። የአማርኛ ቀን መቁጠሪያ ሠርታችሁ እዚያ ለማውጣት ካሰባችሁ፣ «ሊብ» ፎልደራችሁን ከአሁኑ ባዶ አድርጉት። አንድ የተለመደ ልዩነት አለ፦ የግሬድል ራፐር ጃር፣ ግሬድል የተባለውን የግንባታ መሣሪያ የሚያስነሳው ፋይል። ትንሽ ስለሆነና ያለ እሱ ግንባታው ስለማይጀምር ሁሉም ኮሚት ያደርገዋል። ግሬድል የየስሪቱን አሻራ ድረ ገጹ ላይ ያወጣል፤ ማመሳከር ነው።

ሌላ ሰው ያከበደው ሪፖ ገጥሟችሁ ክሎን አልሆን ካለ፣ ክሎን ትእዛዙ ላይ ዴፕዝ 1 (የታሪክ ጥልቀት) ጨምራችሁ ሞክሩ። የመጨረሻውን ኮሚት ብቻ ያወርዳል፣ የድሮዎቹ ጃሮች ይቀራሉ። ታሪኩ ካስፈለጋችሁ ኔትወርኩ ደህና ሲሆን በጥቂት በጥቂቱ ወደ ኋላ እየጨመራችሁ ማውረድ ትችላላችሁ፤ ቢቋረጥም የሚጠፋው የዚያ ዙር ብቻ ነው።