«ዳታዬ ጠፋ!» ከማለታችሁ በፊት

ጓደኛዬ ደውሎ «ዳታዬ ጠፋ!» ሲለኝ፣ መጀመሪያ የምጠይቀው «ፕሮግራሙን የት ሆነህ ነው ያስነሳኸው?» ብዬ ነው። ኤስኪውላይት (SQLite) የሚባለው የዳታቤዝ ሶፍትዌር ሰርቨር የለውም። ዳታቤዙ ተራ ፋይል ነው። ስለዚህ ፓዙ (የፋይሉ አድራሻ) ከተሳሳተ ሁሉም ነገር ይሳሳታል። ፓዙ ላይ ደግሞ የተለመዱ የተሳሳቱ ግምቶች አሉ።

«ሱቅ.ዲቢ ብዬ ከጻፍኩ ኮዱ ካለበት ፎልደር ይከፍተዋል።»

አይከፍትም። ስሙ ብቻ ከተጻፈ የሚፈለገው ፕሮግራሙ በቆመበት፣ ማለትም እየሠራ ባለበት (working directory) ፎልደር ነው፤ ኮዱ የትም ይቀመጥ። ተርሚናል ላይ ኮዱ ጋ ገብታችሁ ስታስነሱት ሁለቱ ቦታ አንድ ስለሚሆን ልዩነቱ አይታይም። በክሮን (ፕሮግራምን በተቀጠረለት ሰዓት በራሱ በሚያስነሳው መሣሪያ) ሲነሳ ግን መቆሚያው አብዛኛውን ጊዜ የተጠቃሚው ሆም ፎልደር ነው። በሲስተምዲ (ሊኑክስ ላይ ሰርቪሶችን በሚያስነሳው) የሚነሳ የሲስተም ሰርቪስ ደግሞ፣ ሌላ ካልተነገረው፣ ሩት (ከሁሉም በላይ ያለው ፎልደር፣ /) ላይ ይቆማል።

እኔንም ጉድ ሠርቶኛል። ለአንድ ሱቅ የጻፍኩት ሪፖርት ቀን በእጄ ሳስነሳው ይሠራል፤ ማታ በክሮን ሲነሳ «እንዲህ ያለ ቴብል የለም» ብሎ ይሞታል። ኮዱን ስንት ጊዜ አገላበጥኩት! ኋላ ሆም ፎልደሬን ሳይ፣ ሌላ ሱቅ.ዲቢ ቁጭ ብሏል። መጠኑ 0 ባይት። ከዚያ ወዲህ ሙሉ ፓዝ ነው የምጽፈው።

«ፋይሉ ከሌለ ኤረር ይሰጠኛል።»

እንዲያውም ዝም ብሎ አዲስ ይፈጥራል። ያ 0 ባይት ፋይል የመጣው ከዚህ ነው። ይህን ካልፈለጋችሁ በዩአርአይ (file: ብሎ በሚጀምር አድራሻ) ክፈቱና ሞዱን «አርደብልዩ» (?mode=rw) አድርጉት፤ ያኔ ፋይሉን ካጣው እምቢ ይላል። ፓይተን ላይ ዩአርአይ የሚለውን «ትሩ» (uri=True) ማድረግ እንዳትረሱ። ከረሳችሁ የጻፋችሁትን ሁሉ፣ ከነጥያቄ ምልክቱ፣ የፋይል ስም አድርጎ ሊወስደው ይችላል። የማያስቅ ነገር አይደለም። ፎልደሩ ራሱ ከሌለ ግን አይፈጥርላችሁም፤ «ዳታቤዙን መክፈት አልቻልኩም» ይላችኋል።

«~ ካልኩ ሆም ፎልደሬን ያውቃል።»

የሚያውቀው የተርሚናሉ ሼል (ትዕዛዛችሁን የሚቀበለው ፕሮግራም) ነው። ኮድ ውስጥ ስትጽፉት ለኤስኪውላይት ~ እንደማንኛውም ፊደል ነው። ራሳችሁ በሆም ፎልደሩ ሙሉ ፓዝ ቀይሩትና ስጡት።

«አታች የማደርገው (በዚያው ግንኙነት ላይ በ ATTACH የምጨምረው) ሁለተኛ ዳታቤዝ ከዋናው ጎን ይፈለጋል።»

እሱም የሚፈለገው ፕሮግራሙ ከቆመበት ነው። ዋናው የትም ይሁን።

«ፕሮግራሙ መሃል ላይ ፎልደር ቢቀይር ከዳታቤዙ ጋር ያለው ግንኙነት ይበላሻል።»

ይህኛው እንኳ ከንቱ ስጋት ነው። ፓዙ ሙሉ የሚሆነው ሲከፈት ነው። አስቀድሞ የተከፈተው አይነካም፤ ከዚያ በኋላ በስሙ ብቻ የምትከፍቱት ግን ከአዲሱ ቦታ ይፈለጋል።

አሁንም ከጠረጠራችሁ መገመት አያስፈልግም። ግንኙነቱ ላይ ፕራግማ ዳታቤዝ ሊስት (PRAGMA database_list) የሚለውን ትዕዛዝ አስኪዱ። የተከፈተውን ፋይል ሙሉ ፓዝ ያሳያችኋል። እኔ ክሮኑ ላይ ይህን አንድ መስመር ባስገባ ኖሮ፣ ያን ሁሉ ኮድ ባላገላበጥኩ ነበር።