የኡራል «የአየር ፍሬን» ምንድን ነው? አየሩ ሲያልቅስ ምን ይሆናል?

«የአየር ፍሬን ያለው መኪና አየሩ ካለቀበት በራሱ ይቆማል፤ ስለዚህ አስተማማኝ ነው።» ይህን አባባል ከሾፌር ሰምቼዋለሁ፤ ከመካኒክም ሰምቼዋለሁ። ከጦር ሠራዊት የወጣ አሮጌ የኡራል ጭነት መኪና ገዝቶ ድንጋይና አሸዋ ሊያመላልስበት ያሰበ ሰውም ነግሮኛል። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ሰው በሙሉ ልብ ይህንኑ ለኡራል ሲመሰክር አየሁና ትዕግሥቴ አለቀ። አባባሉ ለዛሬዎቹ ከባድ መኪኖች በአብዛኛው እውነት ነው። ሚያስ በተባለችው የሩሲያ ከተማ ከ1961 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለተመረተው ኡራል-375 እና በ1977 (እ.ኤ.አ.) ለተከተለው ባለ ናፍጣው ኡራል-4320 ግን፣ በተለይ ለአሮጌዎቹ፣ ሐሰት ነው። በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ከሶቪየት ኅብረት ወደ አገራችን መግባት የጀመሩት የዚሁ ዘር ናቸው።

በዛሬዎቹ ከባድ መኪኖች ኋላ እግር (ጎማ) ላይ ኃይለኛ ሞላ አለ። ሞላው የፍሬን ሸራውን ከጎማው ጋር ከሚዞረው ታምቡር ጋር ሊያጣብቅ ሁልጊዜ ይታገላል፤ የአየር ግፊት ደግሞ ጨምቆ ይይዘዋል። ሞላው በሰንሰለት የታሰረ ውሻ ነው እንበል፤ ሰንሰለቱ አየር ነው። አየሩ ሲወጣ ሰንሰለቱ ይበጠስና ውሻው ጎማውን ይነክሳል፤ መኪናው ይቆማል። ኡራል ላይ እንዲህ ያለ ሞላ የለም። እዚያ ውሻው አየሩ ራሱ ነው፤ አየሩ ከሄደ ግቢው ውስጥ የሚናከስ የለም።

ፔዳሉን ስትረግጡ የምትከፍቱት የአየር ቫልቭ ብቻ ነው። ከአየር ታንኩ የወጣው አየር ትልቅ ፒስተን ይገፋል፤ ያ ፒስተን የፍሬን ዘይቱን ይገፋል፤ ዘይቱ በየጎማው ያሉትን ሲሊንደሮች ገፍቶ ሸራውን ወደ ታምቡሩ ይለጥፋል። በእግራችሁና በዘይቱ መካከል ምንም ብረት የለም። አሜሪካ ሠራሹ የጦር ጭነት መኪና ኤም-35 እዚህ ላይ ይለያል። እሱም አየርና ዘይት አለው፤ ነገር ግን ዘይቱን የሚገፋው የሾፌሩ እግር ነው፣ አየሩ ያግዘዋል እንጂ አይተካውም። ስለዚህ አየር ሲያልቅበት ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፣ በጉልበት ከረገጡት ግን ጥቂት ይይዛል። በአንጻሩ ኤም-35 ኤ2 በተባለው ዓይነቱ ላይ ዘይቱ በአንድ መስመር ብቻ ስለሚሄድ አንድ ቱቦ ከፈነዳ ሁሉም ጎማ ያለ ፍሬን ይቀራል። ሁለቱም «አየርና ዘይት» ስለሆኑ የአንዱን ልማድ ለሌላው ማዋረስ አይቻልም።

ውሻውን ትንሽ ልጎትተው። ዘይቱ የውሻው ጥርስ ነው። ዘይቱ አንድ ቦታ አፍስሶ ካለቀ የአየር ጌጁ ሙሉ ያሳያል፣ ስትረግጡ ፍስስ የሚለው ድምፅ ይሰማል፣ መኪናው ግን ይሄዳል። ውሻው ይጮኻል፤ ጥርስ ግን የለውም። በተራ መኪና ዘይት ሲጎድል ፔዳሉ ይላላል፤ እግራችሁ ያውቀዋል። ኡራል ላይ ፔዳሉ የሚነካው ቫልቭ ስለሆነ እግር ምንም አያውቅም። «ፔዳሉ ጥሩ ነው፣ ፍሬኑ ጤነኛ ነው» የሚል ሰው ያረጋገጠው የቫልቩን ጤንነት ብቻ ነው።

ስለ ዘይቱም አንድ ነገር ካልተናገርኩ አላርፍም። የጥንቱ የሶቪየት ፍሬን ፈሳሽ ከጉሎ ዘይትና ከአልኮል የተቀመመ ነበር። በሱቅ የምናገኘው ዶት 3 እና ዶት 4 የተባለው የፍሬን ዘይት ደግሞ የግላይኮል ዘር ነው። ሁለቱ አይዋሃዱም፤ ተለያይተው ይቀመጣሉ። ማሟላት ከፈለጋችሁ መስመሩን በሙሉ አጥባችሁ ቀይሩ። የሞተር ዘይት የሚጨምር ሰው ደግሞ ጎሚኒዎቹን (ዘይት የሚያግዱትን ላስቲኮች) በሙሉ ያሳብጣቸዋል።

«የእጅ ፍሬን አለው እኮ» ይለኛል ያው ሰው። አለው፤ ግን ከትራንስፈሩ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ከሚያከፋፍለው የማርሽ ሣጥን) ወደ ኋላ በሚወጣው ዘንግ ላይ የተገጠመ አንድ ታምቡር ነው። ጎማዎቹን የሚይዘው በካርዳኑ (ኃይል በሚያስተላልፈው ረጅም ዘንግ) እና ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ በሚያካፍሉት ዲፈረንሻሎች በኩል ነው። የቆመ መኪና ያስቀምጣል፤ ጭኖ የሚንደረደረውን ለማቆም ብትስቡት ግን ትራንስፈሩንና ካርዳኑን ታደቅቃላችሁ። ለጥገና ካርዳኑን ስታወልቁ ምንም አይይዝም። አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ ስታነሱም የተነሳው ጎማ በዲፈረንሻሉ በኩል በነጻ ስለሚዞር ያ አክስል መያዙን ይተዋል። ስለዚህ ታኮ ሳይደረግ ከኡራል ሥር አትግቡ።

አክስሉን ካነሳሁ አየር ስለሚያስወጣውና ስለሚያስገባው መተንፈሻው ልጨምር፤ ማንም አይጠይቀኝም እንጂ ብዙ የ«ፍሬን» ቅሬታ የሚጀምረው ከዚያ ነው። አክስሉ ሲግል በውስጡ ያለው አየር ይሰፋል። መተንፈሻው በጭቃ ከተደፈነ ግፊቱ የአክስሉን ዘይት የዘይት ማገጃውን ላስቲክ አሳልፎ ወደ ታምቡሩ ያስወጣል፤ ሸራው ይርሳል። የጋለ አክስል ወንዝ ውስጥ ሲገባ ደግሞ አየሩ ይኮማተርና ውኃ ይስባል፤ የዲፈረንሻሉ ዘይት እንደ ወተት ይነጣል፣ ኩሽኔታው ይዝጋል። ሸራ ከመቀየራችሁ በፊት መተንፈሻውን አጽዱ፤ አለበለዚያ አዲሱም ሸራ ይርሳል።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወስደው መንገድ ከ1000 ሜትር በላይ ይወርዳል። እዚያ ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተር አጥፍቶ የሚወርድ የኡራል ሾፌር ታንኩን አየር የሚሞላውን ኮምፕሬሰርም አጥፍቷል። ፔዳሉን ደጋግሞ የሚረግጥም እንዲሁ ነው፤ እያንዳንዱ ረገጣ ከታንኩ አየር ወስዶ ይለቀዋል፣ በዝቅተኛ ዙር የሚሠራ ኮምፕሬሰር አይደርስበትም። በደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ታንኩ ይበልጥ ቀስ ብሎ ይሞላል። ከባድ ማርሽ አስገብቶ መውረድ፣ 4320 ከሆነም የሞተር ፍሬኑን መጠቀም ነው የሚያዋጣው። ማታ ማታ ከታንኩ ውስጥ የተጠራቀመውን ውኃ ማፍሰስም አይዘንጋ፤ ታንኩን የሞላው ውኃ የአየሩን ቦታ ይወስዳል።

ፍሬኑን ለመፈተሽ አየሩን ሙሉ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ፔዳሉን ረግጣችሁ ያዙና ጌጁን ተመልከቱ። መርፌው ከመጀመሪያው ረገጣ በኋላም መውረዱን ከቀጠለ አየሩ ይፈሳል። መርፌው ባለበት ከቆመም ዘይቱን ገና አልፈተሻችሁም፤ የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያውን ክዳን ከፍታችሁ በዓይናችሁ እዩ፣ ዘይት አፍስሶ እንደሆነ የየጎማውን ታምቡር ጀርባም በእጃችሁ ዳስሱ። ኡራል-4320 ላይ የፒስተኑ ጉዞ ከልኩ ሲያልፍ የሚበራ የማስጠንቀቂያ መብራት አለ። ወደ እኔ በሚመጡት አሮጌዎቹ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሽቦው ተቆርጦ አገኘዋለሁ፤ «ዝም ብሎ እየበራ አስቸገረኝ» ይሉኛል።