ፖርት ማድረግ ምንድን ነው? ግራፊክስ መቀነስ ብቻ አይደለም

«ግራፊክሱን ቀንሶ መልቀቅ ነው፤ ያልለቀቁት ከስንፍና ነው።» አንድ ጌም አቅሙ ወደ ደከመ ማሽን ሳይመጣ ሲቀር የሚሰጠውን ይህን ፍርድ ከጎንደር ፒያሳ ፕሌይስቴሽን ቤቶች እስከ ቴሌግራም ቡድኖች ድረስ ሰምቼ ሰምቼ ታክቶኛል። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ «ፖርት ማለት ፋይሉን አሳንሶ መገልበጥ ነው» ብሎ አረፈው። አይደለም፣ ወንድሜ።

ፖርት ማድረግ ለአንድ ማሽን የተሠራን ጌም ለሌላ ማሽን እንደገና ማሰናዳት ነው። የምስል ጥራት መቀነስ ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ነው። ከ1080ፒ ወደ 720ፒ ሲወርድ (ቁጥሩ ከላይ እስከ ታች ያለው የነጥብ ረድፍ ብዛት ነው) የሚሣሉት ነጥቦች ከግማሽ በታች ይሆናሉ፤ የግራፊክስ ቺፑም እፎይ ይላል። ፕሮሰሰሩ ግን ምን ተቀነሰለት? የጠላቶቹ ውሳኔ፣ የመንገደኛው ሕዝብ፣ የሚፈርሰው ግድግዳ፣ ሁሉም እንደ በፊቱ መሰላት አለበት። በሰከንድ 30 ምስል ለማሳየት ለአንዱ ምስል ያለው ጊዜ 33 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፤ ለ60 ከሆነ ከ17 አይበልጥም።

አዘዞ ሜዳ ላይ ለተጣለ ዳስ የታሰበን ሠርግ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ልደግስ ብትል፣ ጥራት መቀነስ ማለት ትንንሽ ሳህን መግዛት ነው። ሳህኑ አነሰ ተብሎ ቁሌቱ ቶሎ አይበስልም፤ ፕሮሰሰሩ ወጥ ሠሪዋ ናት። ጓዳው ሜሞሪው ነው፤ ድስቱ ሁሉ ባንድ ጊዜ ካልገባ አንዱን እያወጡ ሌላውን ማስገባት ግድ ይሆናል። ጓዳው በቂ ቢሆን እንኳ ወደ ዕድምተኛው የሚያወጣው በር አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ከሆነ አሳላፊዎቹ ይተራመሳሉ። ብዙው ተከራካሪ የሚዘነጋው ይህን በር፣ የሜሞሪውን ፍጥነት ነው።

በ2017 የወጣው፣ በእጅም ተይዞ የሚጫወቱበት ኒንቴንዶ ስዊች 4 ጊጋባይት ሜሞሪ አለው፤ ፕሌይስቴሽን 4 ደግሞ 8። ልዩነቱ እጥፍ ብቻ ይመስላል። በሩ ግን በአንዱ በሰከንድ 25፣ በሌላው 176 ጊጋባይት ገደማ ያሳልፋል።

እንዲያም ሆኖ ዊቸር 3 የተባለው ጌም በ2019 ስዊች ላይ ገብቷል። በእጅ ተይዞ ሲጫወቱት ምስሉ እስከ 540ፒ ነው፤ ሣሩና ዛፉ ሳስቷል፣ ጥላውም ደብዝዟል። የ2016ቱ የተኩስ ጌም ዱም ደግሞ ስዊች ላይ የገባው በሰከንድ ከ60 ወደ 30 ምስል ወርዶ ነው።

በተቃራኒው የ2023ቱን ጌም ባልደርስ ጌት 3 ተመልከቱ። ወደ ኤክስቦክስ የዘገየው ሁለት ሰው አንድ ቴሌቪዥን ለሁለት ከፍሎ የሚጫወትበት አማራጭ በአነስተኛው ኤክስቦክስ፣ በሲሪስ ኤስ ላይ አልሠራ ስላለ ነው። ሁለቱ ተጫዋቾች ተለያይተው ሲሄዱ ማሽኑ ሁለት ቦታ በአንድ ጊዜ መያዝ አለበት፤ ሲሪስ ኤስ ያለው ሜሞሪ 10 ጊጋባይት ሲሆን የታላቁ ወንድሙ የሲሪስ ኤክስ 16 ነው። በመጨረሻ ጌሙ ሲሪስ ኤስ ላይ ያለዚያ አማራጭ ወጣ። ምስሉን ማደብዘዝ መፍትሔ ቢሆን ኖሮ ማን ይጠብቅ ነበር?

ስንፍና የለም ግን አልልም። የስዊቹ ፊፋ 20 ማልያና ስም ዝርዝር ከመቀየር በቀር አጨዋወቱ የፊፋ 19 ነበር። እሱን ስንፍና ብትሉት አልከራከራችሁም።